ከቀዶ ጥገና በኋላ ደም እንዳይረጋ የሚወጋው መርፌ፦ ከሆስፒታል አልጋ እስከ ቤት

ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ አስታማሚው የሚጠይቀው ስለ ቁስሉ ነው። መቼ ይታጠብ? ስፌቱ መቼ ይፈታል? ምን ይብላ? ሆዱ ላይ በየቀኑ ስለሚወጋው ትንሽ መርፌ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መርፌው የሆስፒታል ጉዳይ፣ አልጋው ሲለቀቅ አብሮ የሚቀር ይመስላል። ጉዳቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በእግር የደም ሥር ውስጥ የሚረጋ ደም ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ሰው ቤቱ ገብቶ ተሻለኝ ባለበት ሰሞን ነው። 950 ሺህ ገደማ የእንግሊዝ አገር ሴቶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ አደጋው ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ የታየው ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት መሆኑን፣ እስከ 12 ሳምንትም ከወትሮው በላይ ሆኖ መቆየቱን አሳይቷል። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ አብዛኛው ታካሚ ቤቱ ገብቷል። መርፌውን ከነርሷ እጅ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ቀን የሚያደርሰው እንግዲህ እርስዎ ወይም የሚያስታምምዎ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥጋ ሲቆረጥ ሰውነት መድማቱን ለማቆም ደም የማርጋት ኃይሉን ያነሣሣል። ለቁስሉ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ያው ሰው ለሰዓታት በማደንዘዣ ተኝቶ፣ ከዚያም አልጋ ላይ ውሎ ሲያድር፣ የባቱ ጡንቻ ደሙን ወደ ልብ መግፋቱን ይተዋል፤ ደሙም በእግሩ ጥልቅ ደም መልስ ሥሮች ውስጥ ይዘገያል። ለመርጋት የተዘጋጀ ደም ሲዘገይ ይቋጠራል። የረጋው ደም እዚያው ከቀረ እግር ያሳብጣል፤ ተነቅሎ ከሄደ ሳንባ ገብቶ የደም መተላለፊያ ይዘጋል፤ ያኔ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ይህን ለመከላከል በብዛት የሚወጉት ሄፓሪንና ኢኖክሳፓሪን ናቸው፤ ሁለተኛውን ብዙዎች ክሌክሳን በሚለው የንግድ ስሙ ያውቁታል። የሄፓሪን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1916 ይጀምራል። ጥቅሙ በግልጽ የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆነ፣ ከባድ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ከ4,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የብዙ አገሮች ጥናት፣ መድኃኒቱን ካልወሰዱት መካከል 16 ሰዎች ሳንባቸው ውስጥ በገባ የረጋ ደም ሲሞቱ፣ ከወሰዱት መካከል በዚሁ ምክንያት የሞቱት 2 ብቻ እንደነበሩ አሳየ። መጠኑ ትንሽ፣ ዘዴው ቀላል ነበር፤ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ መርፌ። ዛሬም የምንወጋው በዚያው መንገድ ነው።

ሁሉም ሰው ግን አያስፈልገውም። ትንሽ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በዚያው ቀን በእግሩ ሄዶ ቤቱ የሚገባ ጤነኛ ወጣት ብዙ ጊዜ መራመዱ ብቻ ይበቃዋል። ሐኪሙ የሚመዝነው የቀዶ ጥገናውን ዓይነትና የእርስዎን ሁኔታ ነው። የዳሌ፣ የጉልበትና የጭን አጥንት ቀዶ ጥገና፣ ካንሰር፣ የዕድሜ መግፋት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ እርግዝናና አራስነት፣ ከዚህ በፊት ደም ረግቶ ማወቁ አደጋውን ከፍ ያደርጋሉ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚነገሩ ነገሮች

ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም እነዚህን ይናገሩ፦ እርስዎ ወይም የሥጋ ዘመድዎ ደም ረግቶበት እንደሚያውቅ፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም እንዳለብዎ፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል እየወሰዱ እንደሆነ፤ ከዚህ በፊት ሄፓሪን ተወግተው ፕላትሌትዎ (ደም እንዲረጋ የሚያግዘው የደም ክፍል) ወርዶ እንደሆነ። የኩላሊቱ ነገር በተለይ አይዘንጋ። ኢኖክሳፓሪን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነ ኩላሊቱ የደከመ ሰው በተለመደው መጠን ሊደማ ይችላል፤ መጠኑ ይቀነስለታል ወይም ሄፓሪን ይመረጥለታል።

ቀድሞ መነገር ያለበት ሌላም ነገር አለ። ሄፓሪንም ሆነ ኢኖክሳፓሪን በብዛት የሚሠሩት ከአሳማ አንጀት ሽፋን ነው። ለኦርቶዶክስና ለሙስሊም ታካሚ፣ ለቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ግማሽ ኮርስ ከወሰዱ በኋላ ከጎረቤት ሰምተው ደንግጠው የሚያቆሙ ሰዎች አሉ፤ ያ ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። የሚያሳስብዎ ከሆነ ቀዶ ጥገናው ሳይደረግ የንስሐ አባትዎን፣ ሼኹን ወይም የሚያምኑትን የሃይማኖት አዋቂ ያማክሩ፤ ለሐኪሙም ይንገሩ። ፎንዳፓሪኑክስ የሚባለው መርፌ ከእንስሳ ያልተገኘ፣ በላቦራቶሪ የተሠራ ነው። ለዳሌና ለጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ደግሞ እንደ ሪቫሮክሳባን ያሉ የሚዋጡ ክኒኖችም አሉ። በየቦታው አይገኙም፤ ለሁሉም ቀዶ ጥገናም አይሆኑም። ስለዚህ ጥያቄው ጊዜ ሳለ መነሣት አለበት።

አጥንቱ ተሰብሮ ተራ እየጠበቀ ለቀናት የሚተኛ ሰው መርፌውን ከቀዶ ጥገናው በፊትም ሊጀምር ይችላል። እንዲህ ከሆነ የመጨረሻው መርፌ የተወጋበትን ሰዓት ይያዙ። ማደንዘዣ በወገብ በኩል የሚሰጥ ከሆነ፣ ከኢኖክሳፓሪን የመከላከያ መጠን በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት ማለፍ አለበት፤ ያለዚያ አከርካሪው አጠገብ ደም ሊቋጠርና ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ለማደንዘዣ ባለሙያው በራስዎ አንደበት ይንገሩት፤ «ትናንት ማታ በ2 ሰዓት ተወግቻለሁ» ማለት በቂ ነው።

በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገብቶላቸው ዋርፋሪን የተባለውን የሚዋጥ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ጉዳይ የተለየ ነው፤ በአገራችን ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። ዋርፋሪኑ አብዛኛውን ጊዜ ከቀዶ ጥገናው 5 ቀን ቀድሞ ይቆማል፤ ክፍተቱን ለመሙላት በክብደት ተሰልቶ ከፍ ባለ መጠን ይወጋሉ። ኢኖክሳፓሪን ከሆነ የመጨረሻው መርፌ ከቀዶ ጥገናው 24 ሰዓት በፊት መሆን አለበት። እነሱ የሚወጉት መጠን ከመከላከያው መጠን በጣም ይበልጣል። ስለዚህ የአንዱን ሰው መጠን ለሌላው መመሪያ አያድርጉ፤ በራስዎ ፈቃድም ዋርፋሪንን አያቁሙ።

ከሆስፒታል ሳይወጡ

በመውጫ ወረቀትዎ ላይ አራት ነገሮች ተጽፈው ይዩ፦ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የሚወጋበት ሰዓትና የመጨረሻው ቀን። አራተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ እስከ 35 ቀን ሊሄድ ይችላል፤ ለጉልበት ከ10 እስከ 14 ቀን የተለመደ ነው፤ በሆድ ውስጥ ላለ ካንሰር ቀዶ ጥገና ብዙ ጊዜ 28 ቀን ይታዘዛል። በቀዶ ጥገና የወለደች እናት እንደ አደጋዋ መጠን ምንም ላያስፈልጋት፣ 10 ቀን ወይም እስከ 6 ሳምንት ሊታዘዝላት ይችላል። «እስኪሻልህ ድረስ» የሚባል ልክ ግን የለም፤ ቀኑን ያስቆርጡ።

ሰዓቱንም ቀኑንም በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይጠይቁ። በውጭ አገር ወረቀት ላይ ከምሽቱ 8 የተባለው በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ አገር ውስጥም የሆስፒታል ካርድ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ይሞላል። አሜሪካ ወይም ቴል አቪቭ ያለች እናትዎን በስልክ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህ ስድስት ሰዓት ያሳስታል። የመጨረሻውን ቀን ቤት ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ያክብቡ፤ በተወጉ ቁጥር ቀኑን ይሰርዙ።

ከመውጣትዎ በፊት ነርሷ ስታይዎት አንድ ጊዜ ራስዎ ይውጉ፤ ወይም ቤት የሚወጋዎት ሰው ይውጋ። መድኃኒቱንም ያኔውኑ ይፈልጉ። ውድ ነው፤ ከፋርማሲ ፋርማሲም ዋጋው ይለያያል። የሆስፒታሉ ፋርማሲ ከሌለው ከነማንና የቀይ መስቀልን ፋርማሲ ይጠይቁ። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ አፍረው ዝም አይበሉ፤ ግማሹን ገዝቶ ቀሪውን ከመተው ለሐኪሙ ነግሮ ሌላ መንገድ መፈለግ ይሻላል።

የተሞላው ሲሪንጅ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። ለመከላከያ በብዛት የሚታዘዘው 40 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም 0.4 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ባለ 60 እና ባለ 80 ሚሊ ግራምም አለ፤ «40 የለም፣ 80ውን ወስደህ ግማሹን ውጋ» ቢባሉ ፋርማሲስቱ በዓይንዎ ሳያሳይዎትና ሐኪሙ ሳያውቅ አይቀበሉ። በብልቃጥ የሚመጣውን ሄፓሪን ግን ቤት ውስጥ ቀድተው አይወጉ። የአንዱ ብልቃጥ ጥንካሬ ከሌላው በብዙ እጥፍ ሊለይ ስለሚችል በነርስ እጅ ይቀዳ፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ይወጉ።

አወጋጉ

እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሆድዎ እንዲታይ ጀርባዎን ደገፍ ብለው ይቀመጡ ወይም ይተኙ። ቦታው ከእምብርት ግራ ወይም ቀኝ፣ ቢያንስ አራት ጣት ያህል ራቅ ያለው የሆድ ጎን ነው። ዛሬ በግራ ከሆነ ነገ በቀኝ። ጠባሳ፣ የቀዶ ጥገና ቁስል ወይም ደም የቋጠረ ቦታ ላይ አይውጉ። ሆዱ በፋሻ የተሸፈነ ሰው ነርሷ ካሳየችው የጭኑን ውጫዊ ጎን መጠቀም ይችላል።

ቦታውን በአልኮል ጥጥ ይጥረጉና እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ እርጥብ ሆኖ ሲወጋ ያቃጥላል። የመርፌውን ክዳን ሳያጣምሙ ቀጥ አድርገው ይሳቡ።

አሁን ሲሪንጁ ውስጥ ትንሽ የአየር አረፋ ያያሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ አየር በመርፌ ከገባ ይገድላል ሲባል ሰምቷልና። አረፋውን አያስወጡ። ፋብሪካው ሆን ብሎ የተወው ነው። መርፌውን ወደ ታች ሲያዞሩ አረፋው ወደ ላይ፣ ወደ መግፊያው ይወጣል፤ መድኃኒቱ ገብቶ ሲያልቅ ከኋላው ሆኖ መርፌው ውስጥ የቀረውን ጠብታ ይገፋል። የሚወጋው ከቆዳ ሥር ያለ ስብ ላይ እንጂ የደም ሥር ውስጥ ስላልሆነ ይህች ትንሽ አየር ጉዳት የላትም። አረፋውን ለማውጣት የሚታገል ሰው ግን ከመድኃኒቱ ያፈስሳል፤ ከመጠኑም ይጎድልበታል።

በአንድ እጅዎ ቆዳውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዝ አድርገው ከፍ ያድርጉት። በሌላው እጅ መርፌውን ሳያጋድሉ፣ ቀጥ አድርገው እስከ መጨረሻው ያስገቡ። መርፌው አጭርና ቀጭን ነው፤ ማመንታቱ ነው የሚያሳምመው። ከዚያ መግፊያውን በጣም ቀስ ብለው፣ በልብዎ እስከ አሥር እየቆጠሩ ይግፉ። ቆዳውን የያዘው እጅ እስኪጨርሱ ድረስ አይልቀቅ። ለጥቂት ሰከንዶች ያቃጥላል፤ ያልፋል። መርፌውን በገባበት አቅጣጫ ቀጥ አድርገው ያውጡት፣ ከዚያም ቆዳውን ይልቀቁ። ደም ጠብ ካለ ደረቅ ጥጥ ይያዙበት እንጂ አያሹት፤ ማሸት ደም እንዲቋጥር ያደርጋል።

ክዳኑን መልሰው አይግጠሙ፤ ጣትን የሚወጋው ያኔ ነው። ያገለገለውን ሲሪንጅ ክዳን ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ ባዶ የበረኪና ዕቃ ውስጥ ይክተቱና «መርፌ» ብለው ይጻፉበት። ሲሞላ ወደ ጤና ጣቢያ ይመልሱት። ቆሻሻ ውስጥ የተጣለ መርፌ ቆሻሻ የሚያነሡትን ሰዎችና ቆራሌውን ይወጋል።

መድኃኒቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ይቀመጥ፤ በረዶ ቤት ግን አይግባ። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖር ሰው የመኪና ውስጥ ሙቀት ያበላሸዋል።

የሚያስፈራውና የማያስፈራው

በተወጋበት ቦታ ትንሽ ደም ቢቋጥር፣ ቢጠቁር ወይም ቢጠጥር የተለመደ ነው፤ ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ሰገራ፣ ቀይ ሽንት፣ የማያቆም ነስር፣ ከቁስሉ የሚፈስ ደም፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም ራስን መሳት ካለ ግን ቀጣዩን መርፌ ሳይወጉ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። በወገብ ማደንዘዣ ከተሰጠዎ ደግሞ አዲስ የጀርባ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝ ወይም መስነፍ፣ ሽንት አለመቆጣጠር ሰዓት የማይሰጥ አደጋ ነው።

መድኃኒቱ እያለም ደም ሊረጋ ይችላል። አንዱ እግር ከሌላው በልጦ ካበጠ፣ ባትዎን ካመመዎ፣ ከሞቀና ከቀላ በዚያው ቀን ይመርመሩ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ሲተነፍሱ ደረትዎን ከወጋዎ፣ ደም ካሳለዎ አምቡላንስ ይጥሩ፤ አገር ቤት የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። መርፌው ከተጀመረ ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ አልፎ አልፎ ፕላትሌት ይወርዳል፤ ሐኪሙ የደም ምርመራ ካዘዘ ተሻለኝ ብለው አይቅሩ።

የቤት ነገር

እናቶቻችን ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ሰው «ተኛ፣ አትነሣ፣ ብርድ ይመታሃል» ይሉታል። አራስም እንዲሁ ትተኛለች። ፍቅር ነው፤ ለእግር ደም ግን አይበጅም። ሐኪሙ ከፈቀደ በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተው እቤት ውስጥ ይመላለሱ። ጠያቂ ሲመጣ ቁጭ ብለው አይዋሉ፤ በሩ ድረስ ይሸኙ። አልጋ ላይ እያሉ ደግሞ ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። ያበጠ እግር በቅቤም ሆነ በዘይት አይታሽ፤ ወጌሻም አይንካው። የረጋው ደም በመታሸት ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ በዚህ ላይ አጥብቄ እለምናለሁ። መርፌውን እየተወጉ ዋግምት ወይም ሒጃማ አያስደርጉ።

ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ሐኪሙ አውቆ ካላዘዘ አይወሰዱ፤ መድማትን ያብሳሉ። መቀመጫ ላይ የሚወጋ ማንኛውም መርፌ ሲታዘዝልዎ ደም ማቅጠኛ እየወሰዱ መሆኑን ለሚወጋው ሰው ይንገሩ፤ ጡንቻ ውስጥ ደም ሊቋጥር ይችላል። ወጥ ውስጥ የሚገባው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አያሳስብም፤ ለመድኃኒት ብሎ በብዛት መውሰዱ ግን ይቅር። መርፌው ከምግብ ጋር ስለማይገናኝ በባዶ ሆድም ይወጋሉ። ጾም ላይ ከሆኑ የሚያሳስበው የውኃ ማነስ ነው፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ባሉት ሳምንታት ውኃ ሳይጠጡ መዋልን ከሐኪምዎና ከሃይማኖት አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት።

ለቀዶ ጥገና ወደ አገር ቤት የሚመጣ ወይም ወደ ሕንድና ባንኮክ ሄዶ የሚታከም ሰው ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት ስለ መመለሻው ሐኪሙን ይጠይቅ። ለብዙ ሰዓት መቀመጥ በራሱ ደም ያረጋል። መርፌዎቹን ከማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ የሻንጣ ክፍል ውስጥ ሊጠፉም ሊቀዘቅዙም ይችላሉ።

ሰዓቱ ካለፈዎ ባስታወሱበት ጊዜ ይውጉ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ያለፈውን ትተው በተለመደው ሰዓት ይቀጥሉ። በፍጹም ሁለት በአንዴ አይውጉ። ሁለት ቀን ካለፈዎ ለሐኪሙ ይደውሉ።

የመጨረሻው ቀን ሲደርስ እንደ ዋርፋሪን ያለ ሌላ መድኃኒት መቀጠል ወይም አለመቀጠልዎን ጠይቀው ያቁሙ። የተረፈ ሲሪንጅ ካለ ለጎረቤት አይስጡ፤ ወደ ፋርማሲ ይመልሱ። የእግሩን እብጠትና የትንፋሹን ነገር ግን እስከ 12 ሳምንት ድረስ መከታተልዎን አያቋርጡ። ሄፓሪን ፕላትሌትዎን አውርዶት ከነበረ ደግሞ በወረቀት አስጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙት፤ በሌላ ጊዜ ድንገት ሆስፒታል ቢገቡ ወረቀቱን ያየ ሐኪም ሄፓሪን አይወጋዎትም።